ከጦርነት በኋላ ያለች ከተማን በልጅ ዓይን መጻፍ፦ ልብ ወለዱን ከየት እንጀምር?

ጦርነቱ አለቀ ሲባል ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ብዙ ነገር ገና ይጀምራል። አባት ከግንባር ይመለሳል፣ ወይም ሳይመለስ ይቀራል። ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ አጠገብ ትቀመጥ የነበረችው ጓደኛ ግን የለችም። ሰዓት እላፊው ይነሳል፣ እናት ግን አሁንም ሲመሽ በሩን ትቀረቅራለች። ለልብ ወለድ ይህን ያህል ሀብት ያለበት ጊዜ ብዙ አላውቅም።

በ1983 ደርግ ሲወድቅ ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ አርባዎቹ ውስጥ ነው። ወላጆቹ አርጅተዋል። የሚጠየቅ ሰው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ የመጻፍ ሐሳብ ያላችሁ ሰዎች ብትፈጥኑ ደስ ይለኛል። አካሄዱን ደረጃ በደረጃ አስቀምጣለሁ። ምሳሌዬ የ1983ቷ አዲስ አበባ ናት። ስለ ጎንደር፣ ስለ ደሴ፣ ስለ ምፅዋ ወይም ስለ መቀሌ ለምትጽፉም መንገዱ ያው ነው።

1. ከተማዋን አጥብቡ

«አዲስ አበባ» በጣም ሰፊ ናት። አንድ ሰፈር ምረጡ። ከዚያ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ልጅ በእግሯ የምትደርስበትን ብቻ ውሰዱ። ቤት፣ ቦኖ ውሃ፣ ወፍጮ ቤት፣ ቀበሌ፣ ኅብረት ሱቅ፣ ትምህርት ቤት፣ እንዳትሻገረው የተነገራት አስፋልት። ካርታውን በእጃችሁ ሳሉት። ማን የት እንደሚኖር፣ የትኛው ግቢ ውሻ እንዳለው፣ የትኛው ቤት መብራት ሲጠፋ ፋኖስ እንደሚያበራ ጻፉበት።

ጦርነቱ ወደ ከተማችሁ በምን በኩል እንደገባም ከአሁኑ ለዩ። ምፅዋ በ1982 በቦምብ ፈራርሳለች። አዲስ አበባ እንደዚያ አልሆነችም። እዚህ ጦርነቱ የገባው በሰው በኩል ነው። ትጥቁን ፈትቶ በእግሩ የመጣ ወታደር፣ ከአሥመራና ከአሰብ ተፈናቅሎ ላስቲክ ቤት ውስጥ ያደረ ቤተሰብ፣ ጠጉሩን ያጎፈረ ታጋይ ናቸው ያስገቡት። ስለዚህ የአዲስ አበባው ልብ ወለድ የፈረሰ ሕንፃ ላይ ብዙ ገጽ ባያጠፋ እመርጣለሁ። ፍርስራሹ ያለው ቤት ውስጥ ነው።

2. የልጅቷን ዕድሜ በዓመተ ምሕረት አስሉ

ይህን ደረጃ ብዙ ጀማሪዎች ይዘሉታል። እኔ ግን መጽሐፉ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘጠኝ ዓመቷ ነው እንበል። በ1983 ዘጠኝ ከሆናት የተወለደችው በ1974 ነው። ንጉሡን አታውቅም። ቀይ ሽብር ሲካሄድ አልተወለደችም። በ1977ቱ ረሃብ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። እናትና አባቷ ግን ይህን ሁሉ አልፈውበታል፣ አያወሩትም እንጂ። እሷ የምታውቀው ዝምታውን ብቻ ነው። የአጎት ፎቶ ከግድግዳ ላይ ለምን እንደወረደ አታውቅም፤ የወረደበት ቦታ ቀለሙ እንደተለየ ግን ታያለች።

የምታውቀውንም ዘርዝሩ። አፈሳ ሲመጣ ታላቅ ወንድሟ ኮርኒስ ላይ ይወጣ እንደነበር ታውቃለች። «ወንድምሽ የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ምን ብላ እንደምትመልስ ተነግሯታል። አባባ ተስፋዬን በጎረቤት ቴሌቪዥን አይታለች። ስኳር በስንት ሳምንቱ እንደሚታደል ታውቃለች፣ ሰልፍ የምትይዘው እሷ ናትና።

ዕድሜ ሲቀየር መጽሐፉም ይቀየራል። አምስት ዓመት ከሆናት የምትጽፉት ሽታና ድምፅ ነው። አሥራ ሦስት ከሆናት ቂም መያዝ ጀምራለች። ከስምንት እስከ አሥር ያለው ዕድሜ ጥሩ ነው፤ ሁሉን ታያለች፣ ምክንያቱን ግን አታውቅም።

ስለ መቀሌ የምትጽፉ ደግሞ ዕድሜንና ክፍልን አብራችሁ አስሉ። የትግራይን ጦርነት ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሲፈረም የትግራይ ልጆች ከኮሮና ጊዜ ጀምሮ ከትምህርት ርቀው ነበር። ሦስት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት የተፈናቃይ መጠለያ ሆኖ ነበር። ሰባት ዓመቷ ላይ ያቋረጠች ልጅ አሥር ዓመት ሞልቷት እዚያው ክፍል ትመለሳለች። ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር አይገባም። ከፊቷ የተቀመጠው ልጅ ታናሽ ወንድሟን ያክላል። ከዚህ አንድ ወንበር ብቻ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣል።

3. ስለ ዕቃ ጠይቁ

የቦስኒያ ዋና ከተማ የሳራዬቮ ሰዎች የሠሩትን እዩ። ከተማዋ ከ1992 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ተከብባ ነበር። በከበባው ውስጥ ያደገው ጃስሚንኮ ሃሊሎቪች ቆይቶ በኢንተርኔት አንዲት አጭር ጥያቄ አቀረበ፦ በጦርነት ውስጥ ልጅነት ለእናንተ ምን ነበር? መልሱ በጣም አጭር እንዲሆን ገደብ አደረገበት። ብዙ ሰው መለሰ። ከዚያም ሰዎቹ ያኔ የነበራቸውን ዕቃ ማምጣት ጀመሩ። በ2017 እ.ኤ.አ. የጦርነት ልጅነት ሙዚየም ተከፈተ። እያንዳንዱ ዕቃ ከባለቤቱ አጭር ትዝታ ጋር ተቀምጧል።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ብላችሁ የጠየቃችሁት ሰው ከሬዲዮ የሰማውን ይነግራችኋል። «እትዬ፣ ያኔ ከሰል ከየት ነበር የምትገዙት?» በሉ። «ጋሼ፣ ከግንባር ሲመጡ ምን ይዘው ነበር?» በሉ። እኩያችሁን ደግሞ «ምን ትጫወቱ ነበር?» በሉት። ብይ፣ ቆርኪ፣ ሱዚ፣ የጨርቅ ኳስ ይላችኋል። ትንሽ ታገሱት። የጥይት ቀለህ ሰብስበው እንደሚለዋወጡ፣ አፋቸው ላይ አድርገው እንደሚያፏጩበት የሚነግራችሁ ከዚያ በኋላ ነው።

ድምፅ ስትቀርጹ አስፈቅዱ። ሰውየው ዝም ካለ እናንተም ዝም በሉ። ካለቀሰ ቀረጻውን አቁሙና ቡናውን ጠጡ። ሌላ ቀን ይኖራል። በመጽሐፉ ውስጥ ስሙንም ሰፈሩንም ቀይሩለት።

ወረቀት ለማገላበጥ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር አለ፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም አለ። አዲስ ዘመን ጋዜጣን ስታነቡ ፊት ገጹ ላይ አትቆዩ። የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ፣ የፈተና ጥሪ፣ የሲኒማ ቤት ፕሮግራም ፈልጉ። ልጅቷ የኖረችበት ከተማ ያለው እዚያ ነው።

ቴል አቪቭ ያላችሁ ቁሳቁሱ ከእኛ የራቀ አይምሰላችሁ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄደዋል። ያኔ ልጅ የነበሩት ዛሬ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። ያን ቀን በእጃቸው ምን እንደያዙ ጠይቋቸው።

4. የታሪኩን ቀናት ወደ ልጅ ቀናት ለውጡ

አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራ በኩል የታሪክ መጽሐፍ የሚለውን ጻፉ። በቀኝ በኩል ልጅቷ ምን እንዳየች።

ግንቦት 13፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ወጡ። በቀኝ በኩል፦ ጎረቤቶች እኛ ቤት ተሰብስበው ሬዲዮ ሰሙ፣ ማንም ቡና አልጠየቀም። ግንቦት 15፣ የሌኒን ሐውልት ወረደ። በቀኝ፦ ትልልቆቹ ልጆች ሊያዩ ሄዱ፣ እኔ ተከለከልኩ። ግንቦት 16 እና 17፣ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ። በቀኝ፦ የተከራዮቹ ቤት ተቆልፏል፣ ለልጃቸው ያዋስኳት ደብተሬ እሷ ጋ ቀርቷል። ግንቦት 20፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። በቀኝ፦ አልጋ ሥር ዋልን፣ ሽንት ቤት መሄድ አልተፈቀደም። ከሳምንት በኋላ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። በቀኝ፦ የመስኮታችን መስታወት ወደቀ፣ እማዬ ካርቶን ለጠፈችበት፣ ክረምቱን በካርቶን አሳለፍን።

ስትጽፉ በእጃችሁ የሚኖረው የቀኙ ብቻ ነው። የግራው እንዳትሳሳቱ ይጠብቃችኋል እንጂ ገጹ ላይ አይወጣም።

5. ልጅቷን አንድ ጥያቄ አሸክሟት

ትዝታ ብቻውን ልብ ወለድ አይሆንም። ልጅቷ የምትፈልገው ነገር ይኑራት፣ ያውም ትንሽ ነገር። ወንድሟ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር እንበል። በ1983 ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና በደቡብ ወዳለው የብላቴ ማሠልጠኛ ገብተዋል፤ መንግሥት ሲወድቅ ብዙዎቹ በእግር ወደ ኬንያ ሄደዋል። ልጅቷ ይህን አታውቅም። የምታውቀው ብስክሌቱን «ስመለስ አስተምርሻለሁ» እንዳላት ነው። እናቷ ብስክሌቱን ልትሸጠው ነው። ልጅቷ እንዳይሸጥ ትፈልጋለች። ይኸው መጽሐፉ መሄድ ጀመረ።

6. የልጅቷን አፍ ፈልጉ

ሁለት አጻጻፍ ላሳያችሁ። የመጀመሪያው ይህ ነው፦

«የሽግግሩ ወቅት ለቀድሞው ሠራዊት ቤተሰቦች እጅግ ከባድ ነበር። አባቴ ከግንባር ከተመለሰ በኋላ በከፍተኛ የሥነ ልቦና ጫና ውስጥ ወደቀ።»

እውነት ነው፤ ግን የተናገረው ጎልማሳ ነው። ሁለተኛው፦

«አባዬ ጫማውን አያወልቅም። እማዬ ውሃ አሙቃ፣ ጨው ጨምራ፣ ሳፋውን እግሩ ሥር አስቀመጠችለት። አየው። ‹ይቀዝቅዝ› አላት። ቀዘቀዘ። ማታ ውሃውን የደፋሁት እኔ ነኝ። አበባው ላይ እንዳትደፊው፣ ጨው ያደርቀዋል አለችኝ።»

ሁለተኛው ላይ አባትየው ምን እንደሆነ ማንም አልተናገረም። እናትየው ስለ አበባው ተጨነቀች፤ ስለ ባሏ መጨነቋን የምናየው በዚያ በኩል ነው። ልጅቷ ሥራዋን ሠራች። «ሽግግር» የምትለዋን ቃል እንኳ አታውቃትም።

የሰፈር ቃላትን አትፍሯቸው። ልጅ «እማዬ» እና «አባዬ» ትላለች፤ «ወላጅ እናቴ» አትልም። ታጋዮችን ያየችበትን ዓይንም ጠብቁ። ስለ ፕሮግራማቸው አይደለም የምትገረመው። ሴቷ ታጋይ ቁምጣ መልበሷ፣ ጠጉሯ እንደ ወንዶቹ መጎፈሩ፣ ከባዱን ጠብመንጃ ትከሻዋ ላይ ረስታው ማስቲካ ማኘኳ ነው የሚገርማት።

7. ለማንም አታድሉ

ወታደሩም ታጋዩም የሆነ ልጅ አባት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አባቷ የሞተባት፣ ወንድሟ በድል የገባላት፣ ቤተሰቧ ወደ አሥመራ ለመሄድ ዕቃ የሚጠቀልል ልጆች አብረው ይቀመጣሉ። እርሳስ ይዋዋሳሉ። አንዷ ለሌላዋ የሰማችውን ስድብ ትወረውራለች፣ ትርጉሙን ሳታውቅ። ይህን ትዕይንት ሳትሸሹ ጻፉት። አስተማሪዋን አስገብታችሁ ግን አታስታርቋቸው። ልጆቹ የሚታረቁ ከሆነ በራሳቸው ጊዜ በሱዚ ይታረቁ።

8. በትምህርት ዓመት አዋቅሩት

ለልጅ ዓመት የሚጀምረው መስከረም ላይ ነው። ከግንቦት 1983 እስከ መስከረም 1985 ያለው ጊዜ ይበቃል። ክረምቱ፣ የመጀመሪያው እንቁጣጣሽ፣ አዲሱ ክፍል፣ የሰኔ ፈተና፣ ሌላ ክረምት። ጉባኤውና ምርጫው ከጀርባ ያልፋሉ። ከተማዋ ማገገሟም በትንሽ በትንሹ ይታይ፤ ካርቶኑ ተነስቶ መስታወት ሲገባ፣ ኅብረት ሱቁ ሲዘጋና የግል ሱቅ ሲከፈት፣ አባትየው አንድ ቀን ጫማውን አውልቆ ሲተኛ።

9. ረቂቁን አስነብቡ

መጀመሪያ ራሳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ልጅቷ የማትለውን ቃል በቀይ አስምሩ። «ሁኔታ»፣ «ወቅት» እና «ሂደት» የሚሉትን መጀመሪያ ፈልጉ፤ ሁልጊዜ ይገኛሉ።

ከዚያ ለሁለት ሰው ስጡት። አንደኛው ያኔ እዚያው ሰፈር ልጅ የነበረ ይሁን። እሱ ዋጋ፣ መንገድ፣ የጨዋታ ሕግ ያርማችኋል። ሁለተኛው ከ2000 ዓ.ም. በኋላ የተወለደ ይሁን። እሱ ደግሞ «ብላቴ ምንድን ነው?» ይላችኋል። መልሱን ለልጅቷ አታሸክሟት። የሰፈር ጎረምሳ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ይበለው። ያም ካልበቃ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ዋና ዋና ቀናትን የያዘ አንድ ገጽ ጨምሩ።