የውጅግራዬ ቀለህ ለምን ይሰነጠቅ ነበር?

በ1874 እ.ኤ.አ. ሞዴል ውጅግራዬ (የፈረንሳይ ሥሪት አሮጌ ጠመንጃ) የምተኩሳቸው ቀለሆች ሦስት አራት ጊዜ ከተሞሉ በኋላ ከግርጌያቸው ጥቂት ከፍ ብሎ ዙሪያቸውን በቀጭን መስመር መሰንጠቅ ጀመሩ። መጀመሪያ በባሩዱ አሳበብሁ፤ ነገር ግን የምሞላው ለዘመኑ የሚስማማውን ጥቁር ባሩድ ብቻ ነበር (ጭስ አልባው የሚፈጥረው ግፊት ለእንዲህ ያለ አሮጌ ብረት አደገኛ ስለሆነ በመሙያ ጠረጴዛዬ ላይ አላስቀምጠውም)። የቀጭን ሽቦ ጫፍ አጥፌ የቀለሁን ውስጠኛ ግድግዳ ስዳስስ፣ ስንጥቁ ገና ከውጭ ሳይታይ በዚያው ስፍራ ቀለበት የመሰለ ስርጉድ አገኘሁ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፦ በየሙሌቱ ቀለሁን እስከ ግርጌው ድረስ በማጥበቂያው (የተተኮሰን ቀለህ ወደ መጠኑ በሚመልሰው መሣሪያ) ውስጥ ስለማስገባው ትከሻው (ወደ አንገቱ የሚጠብበት ክፍል) ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሲተኮስም ነሐሱ በዚህ የተነሣ በጠመንጃው ውስጥ የተፈጠረውን ክፍተት ለመሙላት ሲለጠጥ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ይሳሳል። ስርጉድ ያለባቸውን ሁሉ አስወገድሁ፤ በዚሁ ጠመንጃ የተተኮሱትን አዳዲሶች ግን አንገታቸውን ብቻ አጠብቃለሁ። በባሩዱና በእርሳሱ አረር መካከል ባዶ ቦታ እንዳይኖር እጠነቀቃለሁ፤ የባሩዱ ጥላሸት እርጥበት ስቦ ነሐሱን ስለሚበላም ቀለሆቹን በተተኮሱበት ዕለት በሙቅ ውሃ አጥባለሁ። ሽቦው እስካሁን አዲስ ስርጉድ አላገኘም።