የአውሮፕላን ከፍታ መለኪያን ከበረራ በፊት ማስተካከል

አልቲሜትር (የአውሮፕላኑ ከፍታ መለኪያ) የሚለካው ከፍታን ሳይሆን የአየር ግፊትን ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ ልዩነቱን ወደ ጫማ ቀይሮ ያሳያል። መነሻው ግፊት ከተሳሳተ ንባቡም ይሳሳታል።

መጀመሪያ በአውሮፕላኑ ጎን ያሉትን የስታቲክ ቀዳዳዎች፣ ማለትም የውጭውን አየር ግፊት ወደ አልቲሜትሩ የሚያስገቡትን፣ በዓይንዎ ይፈትሹ። ሙሉ በሙሉ ከተደፈኑ መርፌው አውሮፕላኑ ሲወጣም ሲወርድም ካለበት አይነቃነቅም። በ1996 የኤሮፔሩ በረራ 603 ባሕር ውስጥ የወደቀው፣ ለጽዳት ተብሎ ቀዳዳዎቹ ላይ የተለጠፈው ቴፕ ሳይነሳ በመቅረቱ ነበር።

ቀጥሎ ከመቆጣጠሪያ ማማው የኪውኤንኤች (QNH) ግፊቱን፣ ማለትም ወደ ባሕር ወለል ተሰልቶ የተሰጠውን የአካባቢውን የአየር ግፊት፣ ተቀብለው በማዞሪያው ያስገቡ። ንባቡን ከአየር ማረፊያው ከፍታ ጋር ያነጻጽሩ፤ ልዩነቱ ከ75 ጫማ ከበለጠ መሣሪያው ሳይመረመር አይነሱ። በባሕር ወለል አካባቢ 1 ሄክቶፓስካል 27 ጫማ ያህል ነው። ግፊቱ 1003 ሆኖ ሳለ 1013 ያስገባ አብራሪ ከእውነተኛው ከፍታ 270 ጫማ ያህል ከፍ ያለ ንባብ ያያል፤ አደገኛው ስህተት ይኸኛው ነው።

የሽግግር ከፍታን (ከእሱ በላይ ሁሉም አውሮፕላኖች አንድ መደበኛ ግፊት የሚጠቀሙበትን ከፍታ) አልፈው ሲወጡ መደበኛውን 1013.25 ሄክቶፓስካል ያስገቡ፤ ሲወርዱ ወደ ኪውኤንኤች ይመልሱ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው መመለሱ ነው።

ብርድም ያታልላል። አየሩ ከመደበኛው በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ፣ እውነተኛው ከፍታ ከንባቡ 4 በመቶ ያህል ያንሳል፤ በተራራ አካባቢ በዝቅተኛው የተፈቀደ ከፍታ ላይ ማስተካከያ ይጨምሩ።

ከ2,500 ጫማ በታች የሬዲዮ አልቲሜትር ሞገድ ልኮ ከመሬት ሲመለስ ይለካል። የሚያሳየው ግን ከሥርዎ ያለውን መሬት ብቻ ነው፤ ፊት ለፊት ያለውን ገደል አያይም።