በዲቪዲ ላይ በቋሚነት የሚታተም የአማርኛ ሰብታይትል፦ ችግሩና መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከምስሉ ጋር ተዋህዶ የሚታተመውን፣ በሪሞት የማይበራውንና የማይጠፋውን ሰብታይትል ነው። ዲቪዲ ተነጥሎ የሚቀመጥ ሰብታይትልም ይቀበላል፤ እንዲያውም እስከ 32 የሚደርሱ እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን መያዝ ይችላል። ይሁን እንጂ በጅማና በዙሪያዋ ሪሞቱ ከጠፋ ዓመታት ያለፉት ማጫወቻ ያለበት ቤት ብዙ ነው። አያት በአፋን ኦሮሞ የመረቁትን አዲስ አበባ ያደጉ የልጅ ልጆች በአማርኛ እንዲያነቡት የሚፈልግ ቤተሰብ ቋሚውን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ቪዲዮ መቁረጥን፣ የሰብታይትል ፋይል ማዘጋጀትንና ዲስክ ራይት ማድረግን አንባቢ እንደሚያውቅ ቆጥሬ አልፌዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ጽሑፍ ያልታተመበትን ቪዲዮ በምንም ምክንያት አያጥፉ። ከምስሉ ጋር የተዋሃደን ፊደል መልሶ የሚያነሳ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ፊደሉ ቀርቶ ሳጥን፣ የጥያቄ ምልክት ወይም ዝብርቅርቅ ሲወጣ

ወደ እኔ ከሚመጡት ብልሽቶች አብዛኛው ይህ ነው። ደንበኛው ሁሉንም «አማርኛው ተበላሸ» በሚል አንድ ስም ይጠራዋል፤ ነገር ግን ሦስቱ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ የአንዱ መድኃኒትም ለሌላው አይሠራም።

ሳጥን ከታየ ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ፎንቱ ነው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ሌላ ካልታዘዙ በአሪያል ይጽፋሉ፣ አሪያል ደግሞ የግዕዝ ፊደል የለውም። በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል የተጻፈው የአፋን ኦሮሞ መስመር እዚያው ከላይ ጥርት ብሎ ስለሚታይ፣ ሰው ኮምፒውተሩ አማርኛን ለይቶ የጠላ ይመስለዋል። መፍትሄው ኒያላን፣ ወይም በነፃ የሚገኙትን አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤልን ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጭኖ፣ በሚያትመው ፕሮግራም ውስጥ የፎንቱን ስም በግልጽ መምረጥ ነው። «በሚያትመው ፕሮግራም» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ በኮምፒውተር ላይ ቪዲዮ የምናይበት ማጫወቻ ፊደል ሲያጣ ዝም ብሎ ከሌላ ፎንት ሊበደር ስለሚችል፣ እዚያ ላይ አምሮ መታየቱ ለሚታተመው ማረጋገጫ አይሆንም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። የአንድ የሂርማታ መርካቶ ቤተሰብን ሠርግ በአንዱ ኮምፒውተር በኒያላ አዘጋጅቼ፣ ሌሊቱን እንዲያድር አዲስ ዊንዶውስ 10 ወደተጫነበት ሁለተኛው ኮምፒውተር አዛወርኩት። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ የነበረ ፎንት ነው፤ በዊንዶውስ 10 ግን ተጨማሪ ሆኖ ስለተለየ አማርኛ ካልተጨመረበት በስተቀር ላይኖር ይችላል። እኔ ይህን አላወቅኩም። ጠዋት 20 ዲስክ ራይት አድርጌ አስረከብኩ፤ ማታ የሙሽራው አባት ደውለው፣ «ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ ከሥራቸው የሚሰለፈው የክብሪት ሣጥን ምንድን ነው?» አሉኝ። ሃያውም ዲስክ ተጣለ። ከዚያ ወዲህ ፎንቱን በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ሳላይ ሥራ አላሳድርም።

የጥያቄ ምልክት ከታየ ነገሩ የከፋ ነው፤ የጠፋው ፊደሉ ራሱ ነው። ጽሑፉ በኖትፓድ ተከፍቶ «አንሲ» በሚባለው አሮጌ አሠራር ሲቀመጥ፣ አሠራሩ የማያውቀውን እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በአንድ ዓይነት የጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ሀ የነበረውም ፐ የነበረውም አንድ ስለሚሆን ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። የድሮው ኖትፓድ ፊደሎቹ ሊጠፉ መሆኑን አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ሰው ግን ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ «እሺ» የሚለውን ይጫናል። በዚህ ረገድ ትዕግሥቴ አልቋል። አንድ ደንበኛ የሁለት ሰዓት ቪዲዮ ሙሉ ትርጉም በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ በፍላሽ አመጡልኝና፣ ጥፋቱ የእኔ ማሽን እንደሆነ ለግማሽ ቀን ተከራከሩኝ። በመጨረሻ ድምፁን እየሰማን ለሦስት ሌሊት እንደገና ጻፍነው። ፋይሉ ሁልጊዜ የግዕዝ ፊደልን በሚያውቀው አሠራር፣ በ«ዩቲኤፍ-8» ይቀመጥ። በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ወዲህ ኖትፓድ አዲስ ፋይልን ሳይታዘዝ በዚህ አሠራር ያስቀምጣል፤ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ግን «ሴቭ አዝ» ብሎ በእጅ መምረጥ ግድ ነው።

ሦስተኛው ዝብርቅርቁ ነው፤ የላቲን ፊደላት በላያቸው ጭረትና ነጥብ ተደርቶባቸው ይሰለፋሉ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ፕሮግራሙ አሠራሩን ተሳስቶ በአሮጌው የምዕራባውያን አሠራር ሲያነበው እያንዳንዱን ባይት ለብቻው ስለሚጽፍ፣ አጭሩ መስመር በሦስት እጥፍ ያህል ረዝሞ ይታያል። አይደንግጡ፣ የጠፋ ነገር የለም። በሚያትመው ፕሮግራም ውስጥ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ይንገሩት፤ መምረጫ ከሌለው ፋይሉን «ዩቲኤፍ-8 ከቦም ጋር» አድርገው መልሰው ያስቀምጡ፤ ቦም አሠራሩን የሚያስታውቅ የፋይል መነሻ ምልክት ነው። ሙሉው በቁቤ የተጻፈ ፋይል ከሆነ ይህ ችግር ሊደበቅ ይችላል፤ ሆኖም ከወርድ የተገለበጠች ጎባጣ ሁዻ (በቁቤ ቃል መካከል የምትገባው ’ ምልክት) በቦታዋ ሦስት እንግዳ ምልክቶች ካበቀለች አሠራሩ ተሳስቷል ማለት ነው።

ዝብርቅርቁ ጭረትና ነጥብ የሌለበት ተራ የላቲን ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ከሆነ ግን ጽሑፉ የተተየበው ዩኒኮድን፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠውን የጋራ ሥርዓት፣ በማያውቅ የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፎንት ሠሪ የላቲኑን ቦታ ወስዶ በራሱ ቅደም ተከተል የግዕዝ ቅርጽ ያለብሰው ነበር። ለመለየት ጽሑፉን በወርድ ከፍተው ፎንቱን ወደ አሪያል ይለውጡት፤ አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፣ ላቲን ከሆነ የድሮው ነው። ለዚያው ፎንት የተሠራ መቀየሪያ ከተገኘ መልካም፣ ካልተገኘ እንደገና ይተየባል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚያመጡልኝ በአብዛኛው ለረጅም ዘመን በጽሕፈት ቤት የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ፊደላቸው ንጹሕ ስለሆነ መመለሱ ያሳፍራል።

ፊደሉ ታትሞ ሳይነበብ ሲቀር

ነጭ ጽሑፍ በነጭ ነጠላ ላይ ይጠፋል፣ የእኛ ሠርግ ደግሞ ነጠላ በነጠላ ነው። ስለዚህ ጥቁር ጠርዝ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ለላቲን የሚበቃው ወፍራም ጠርዝ ለግዕዝ አይሆንም፤ ካዕብንና ሣልስን የምትለየው ያቺ ትንሽ ቅጥያ በጠርዙ ትዋጣለች። የዲቪዲ ምስል በእኛ አገር በሚሠራበት የፓል አሠራር 720 በ576 ነጥብ ብቻ ስለሆነ ለቅጥያዋ የሚደርሳት ቦታ ጥቂት ነጥብ ነው። ከጅሬን በመጣ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ላይ «ቤቱ ይድመቅ» የሚለው ምርቃት «ቤቲ ይድመቅ» ተብሎ ተነቦ፣ የሙሽራዋ ወገን ቤቲ ማን እንደሆነች መጠየቅ ጀምሮ ነበር። እኔ ጠርዙን ከሁለት ነጥብ አላሳልፍም፤ የፊደሉንም ቁመት ከ36 ነጥብ አላሳንስም፤ በአንድ መስመር ከ25 ፊደል በላይ አልጽፍም። ነጠላው አሁንም ካስቸገረ ጠርዙን ከማወፈር ይልቅ ከጽሑፉ ኋላ በከፊል የሚያሳልፍ ጥቁር ሰሌዳ ያድርጉ።

ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ፦ መጀመሪያ ቪዲዮው ወደ 720 በ576 ይውረድ፣ ከዚያ ጽሑፉ ይታተም። በትልቁ ምስል ላይ ታትሞ የሚወርድ ፊደል ቀጥኖና ደብዝዞ ይወርዳል።

ፊደሉ ዙሪያውን እንደ ትንኝ የሚርመሰመስ ቆሻሻ ከያዘ ጥፋቱ የመጠን ነው። ባለ 4.7 ጊጋባይቱ ዲስክ ሁለት ሰዓት ሲጫንበት ለድምፅና ለምስል በሰከንድ 5.2 ሜጋቢት ገደማ ይደርሰዋል፣ አራት ሰዓት ሲጫንበት ግን 2.6 ብቻ። «ሠርጉንም መልሱንም በአንድ ዲስክ» ለሚሉ ደንበኞች ሁለት ዲስክ ይሥሩላቸው፤ የባዶ ዲስክ ዋጋ አይጣላችሁም። መካከል ላይ ወደ ሌላ ፋይል ጨምቆ እንደገና ወደ ዲቪዲ መጨመቅም ይህንኑ ያመጣል፤ ማተሙና ወደ ኤምፔግ-2 መለወጡ በአንድ ጊዜ ይፈጸም።

የታችኛው መስመር ሲቆረጥ

ጀርባው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን የምስሉን ዳር በፍሬሙ ሥር ይደብቃል። ከታች 58፣ ከግራና ከቀኝ 72 ነጥብ ያህል ባዶ ይተዉ። መስመሩ በጎን በኩል ከምስሉ ወጥቶ ከሄደ ደግሞ ቃላቱ ያለ ክፍት ቦታ በሁለት ነጥብ (፡) ብቻ ተለያይተው እንደሆነ ይመልከቱ። ብዙ ፕሮግራሞች መስመር የሚሰብሩት ክፍት ቦታ ሲያገኙ ስለሆነ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር እንደ አንድ ቃል ይቆጥሩታል።

ጽሑፉ ከድምፁ ሲቀድም ወይም ሲዘገይ

ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከሆነ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግፋት ይበቃል። እያደገ ከሄደ የፍሬም ቁጥሩ (በሰከንድ የሚያልፉት ምስሎች ብዛት) ተሳስቷል፤ በ23.976 ፍሬም የተለካ ጽሑፍ ፍጥነቱ ወደ 25 ከተቀየረ ቪዲዮ ጋር በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይለያያል። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ደግሞ የፍሬም ቁጥሩ ሊዋዥቅ ስለሚችል አስቀድሞ ወደ ቋሚ 25 ይለወጥ፣ ሰዓቱ ከዚያ በኋላ ይለካ። ሰዓቱ ተለክቶ ካለቀ በኋላ «የአጎቴን ንግግር ቁረጥልኝ» የሚል ደንበኛ ሁለተኛ ዋጋ ይክፈል።

የቀሩት

ፊደሉ በአሮጌ ቴሌቪዥን ላይ የሚርገበገብ ከሆነ አግድም መስመሮቹ እጅግ ቀጥነዋልና ወፈር ያለ ፎንት ይምረጡ። ፕሮግራሙ ሰብታይትሉን ጨርሶ ካላገኘው ፋይሉን ከቪዲዮው ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጠው፣ ክፍት ቦታ የሌለው አጭር የላቲን ስም ይስጡት።

ብዙ ከማባዛትዎ በፊት የሁለት ደቂቃ ናሙና በአንድ ዲስክ ላይ አውጥተው በአሮጌ ቴሌቪዥን ይዩት፣ ከተቻለም አማርኛ የሚያነብ ግን ቪዲዮውን ያላየ ሰው ያስነብቡ። ራይት ማድረጉ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) አይጀመር፤ በእኛ ሰፈር መብራት መሄድ የሚወደው ዲስኩ ዘጠና በመቶ ሲደርስ ነው።