ተሳታፊ እያለ የማያተርፍ የርቀት ሴሚናር፦ ችግሩና መፍትሄው

ሰው ተመዝግቧል፣ ትምህርቱም ጥሩ ነው፤ ሂሳብ ሲሠራ ግን የተረፈ ነገር የለም። እንዲህ ሲሆን ብዙ አዘጋጆች ቶሎ ማስታወቂያ ወደ መጨመር ይሄዳሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ገንዘቡ የት ጋ እንደሚያፈስ ፈልጉ እላለሁ።

ሰዎች ገና እንደተጀመረ እየወጡ ይሄዳሉ

መጀመሪያ ድምፁን ጠርጥሩ። ምስል ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፤ ድምፅ ሲቆራረጥ ግን አይችልም። ከፍሎ የገባ ሰው "ገንዘቤን መልሱልኝ" ቢልም አይፈረድበትም።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው አፕሎድ ላይ ነው። የኢንተርኔት ፍጥነት ስንለካ ዓይናችን የሚያርፈው ዳውንሎዱ ላይ ነው። የአስተማሪው ድምፅና ምስል የሚወጣው ግን በአፕሎድ በኩል ነው። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት፣ ሴሚናሩ በሚካሄድበት ሰዓት፣ አፕሎዱን ለኩት። ዙም ላይ ጥራት ያለው የቡድን ምስል ለመላክ በሰከንድ 2.6 ሜጋ ቢት ገደማ ያስፈልጋል። ድምፅ ብቻውን ግን 100 ኪሎ ቢት እንኳ አይሞላም። መስመሩ ሲደክም ካሜራውን ዝጉና በድምፅና በስላይድ ቀጥሉ። ከተቻለ ደግሞ ዋይፋይ ትታችሁ ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙት። ይህች ኬብል ስንት ሴሚናር እንደምታድን ሰው አይገምትም።

ድምፁ የሚያስተጋባ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የአንዱ ተሳታፊ ማይክ ከራሱ ስፒከር የሚወጣውን ድምፅ መልሶ እየላከ ነው። ሁሉም "ያስተጋባል" ሲሉ "ለእኔ ደህና ነው" የሚለውን ሰው ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ እሱ ጋ ነው። ኢርፎን ያድርግ፣ ካልሆነ ሚዩት አድርጉት።

መሀል ላይ ተቋረጠ

ነፃ አካውንት ነው። ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ይዘጋል፤ ጎግል ሚት ደግሞ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ሲኖር 60 ደቂቃ ላይ። ሰው አስከፍላችሁ ነፃ አካውንት አትጠቀሙ።

የተመዘገበው ብዙ፣ የገባው ጥቂት

ሰው ረስቷል ወይም ሰዓቱ ተምታቶበታል። ሊንኩን ከአንድ ቀን በፊት፣ ከዚያ ከአንድ ሰዓት በፊት፣ በመጨረሻም 10 ደቂቃ ሲቀር ላኩ። ተሳታፊዎቹ ከተለያየ አገር ከሆኑ "ማታ" ብላችሁ አትጻፉ፤ የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ ግለጹ።

30 ሰው ከፍሎ 45 ሰው ገባ

ሊንኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። ለሁሉም አንድ ሊንክ ከመላክ ይልቅ በምዝገባ ለእያንዳንዱ የራሱን ሊንክ ስጡ። ሰው እስኪፈቀድለት የሚቆይበትን መጠበቂያ ክፍልም ክፈቱና አንድ ረዳት ስም እያየ ያስገባ። አስተማሪው ራሱ ይህን ልሥራ ካለ ትምህርቱ ይበላሻል።

ሁሉም ተሳካ፣ ትርፍ ግን የለም

እዚህ ጋ ዋጋው በግምት ነው የወጣው። ቋሚ ወጪያችሁን ደምሩ፦ አካውንቱ፣ ማስታወቂያው፣ የረዳቱ ክፍያ፣ የአስተማሪው የዝግጅት ሰዓት። የራሳችሁን ሰዓት ዜሮ ብላችሁ አትቁጠሩ፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚያ ጋ ነው። ከዚያ ከአንድ ሰው ክፍያ ላይ ለገንዘብ ማስተላለፊያ የሚቆረጠውን ቀንሱ። ቋሚ ወጪው 6,000 ቢሆን፣ መግቢያው 500፣ ተቆራጩ 20፣ ከአንድ ሰው የሚተርፈው 480 ነው። 6,000 ለ480 ሲካፈል 12.5 ይመጣል። እንግዲህ 12 ሰው ቢከፍል ኪሳራ ነው፣ ከ13ኛው ሰው ጀምሮ ትርፍ አለ። ይህን ቁጥር ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት እወቁት።

ቁጥሩ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ዋጋ ከመጨመራችሁ በፊት ቀረጻውን አስቡበት። ተሳታፊዎችን አስፈቅዳችሁ ሪከርድ ያደረጋችሁትን ትምህርት ላልደረሱት በቀነሰ ዋጋ መሸጥ ይቻላል። ቋሚ ወጪው አንዴ ተከፍሏል። የሰዎች ጥያቄና መልስ ያለበትን ክፍል ግን ቆርጣችሁ አውጡት፤ እዚያ ላይ የተናገሩት ሰዎች ድምፃቸው እንዲሸጥ አልመጡም።