ለኤም 8 ብሎን የሚሆን የብረት መፍቻ በካድ ሶፍትዌር እንዴት እንደሚሠራ

የካድ ሶፍትዌር፣ ማለትም በኮምፒውተር ንድፍ የሚሠራበትን ፕሮግራም፣ መማር ለጀመረ ሰው ከአንድ ወጥ ብረት የተሠራ የእጅ መሣሪያን ያህል ጥሩ መለማመጃ አላውቅም። ክፍት አፍ ያለው መፍቻ መገጣጠሚያም ሆነ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ሆኖም እያንዳንዱ ልኬቱ የራሱ ምክንያት ስላለው ሠሪው መስመር ከማስመር አልፎ እንዲያስብ ያስገድደዋል። ከዚህ በታች የተገለጸው አሠራር በነፃ በሚገኘው በፍሪካድ፣ ፓርት ዲዛይን በተባለው የሥራ ክፍል ውስጥ የሚከናወን ነው። በሌላ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰውም የትእዛዞቹ ስም ይለያይበት እንደሆነ እንጂ ቅደም ተከተሉ አይለወጥበትም።

መነሻው ዳዶው ነው

ብዙ ጀማሪዎች ሥራውን ከእጀታው ይጀምራሉ፤ ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው እሱ ነውና። መጀመር ያለበት ግን መፍቻው ከሚይዘው ነገር ነው። የኤም 8 ብሎን፣ ማለትም ዲያሜትሩ 8 ሚሊሜትር የሆነ ብሎን፣ ዳዶ ስድስት ጎን ያለው ሲሆን፣ ከአንዱ ጠፍጣፋ ጎን ፊት ለፊቱ እስካለው ጎን 13 ሚሊሜትር ይሰፋል። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሲለካ ደግሞ 13 በ1.155 ተባዝቶ 15 ሚሊሜትር ይሆናል። የመጀመሪያው ቁጥር የመፍቻውን አፍ ስፋት፣ ሁለተኛው ደግሞ የአፉን ጥልቀት ይወስናል።

የአፉ ስፋት ልክ 13 ሚሊሜትር ተደርጎ መሣል የለበትም። እኔ የመጀመሪያውን መፍቻዬን እንደዚያ ሥዬ ካስቆረጥኩ በኋላ ዳዶው አፉ ላይ ቆሞ አልገባ ስላለኝ፣ ዳዶውን ከግራና ከቀኝ የሚይዙትን ሁለቱንም የአፉን መንጋጋዎች በሞረድ እየሞረድኩ ለማስፋት ተገድጃለሁ። ሁለት እኩል የሆኑ ነገሮች አንዱ በሌላው ውስጥ እንዲገባ ክፍተት ያስፈልጋልና ለዚህ ሥራ 13.1 ሚሊሜትር እንያዝ። ክፍተቱ ከልክ በላይ ቢሰፋ ደግሞ መንጋጋው የዳዶውን ማዕዘን እየላጠ ይንሸራተታል።

ሥዕሉ ከመጀመሩ በፊት በሶፍትዌሩ ውስጥ የልኬት ሠንጠረዥ ተከፍቶ ለእያንዳንዱ ቁጥር ስም ይሰጠው። የዳዶው ስፋት 13፣ የአፉ ስፋት የዳዶው ስፋት ሲደመር 0.1፣ አፉ የሚቆረጥበት የመፍቻው ራስ ዲያሜትር የዳዶው ስፋት 2.3 እጥፍ፣ ማለትም 29.9፣ የእጀታው ስፋት 14፣ የብረቱ ውፍረት 6፣ ከመፍቻው ራስ መሀል በእጀታው ጫፍ እስከሚኖረው የመስቀያ ቀዳዳ መሀል ያለው ርቀት 125 ሚሊሜትር ይሁን። ቁጥሮቹ በቀጥታ ሥዕሉ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ከዚህ ሠንጠረዥ የሚጠሩ ከሆነ፣ በኋላ አንዱን ቁጥር ለውጦ ሌላ መፍቻ ማውጣት ይቻላል።

የመጀመሪያው ንድፍ እና ውፍረቱ

አዲስ ስኬች (ጠፍጣፋ የመስመር ንድፍ) አግድም በሆነው መሠረታዊ ገጽ ላይ ይከፈትና የመፍቻው ራስ በሚሆነው ክብ ይጀመር፤ የክቡ መሀል ከሥዕሉ መነሻ ነጥብ ጋር ይጣበቅ። ከክቡ በስተቀኝ፣ ከአግድሙ መስመር በላይና በታች በእኩል ርቀት፣ እጀታውን የሚያበጁ ሁለት ትይዩ መስመሮች ይሠመራሉ። በጫፋቸው ራዲየሱ 7 ሚሊሜትር በሆነ ግማሽ ክብ ይዘጋሉ፤ በዚሁ ግማሽ ክብ መሀል ዲያሜትሩ 8 ሚሊሜትር የሆነ የመስቀያ ቀዳዳ ይቀመጣል። እጀታው ከራሱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በሁለቱም በኩል ራዲየሱ 12 ሚሊሜትር በሆነ ቅስት ይለስልስ፤ ውስጥ የቀረው ትርፍ መስመርም ተቆርጦ ይውጣ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የገደብ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። መስመሮቹ ትይዩ መሆናቸው፣ ቅስቶቹ መስመሩን ሳይሰብሩ መንካታቸው፣ የላይኛውና የታችኛው ወገን መመሳሰሉ ሁሉ ለሶፍትዌሩ በግልጽ ሊነገረው ይገባል፤ ለዓይን ትይዩ መስሎ መታየቱ አይበቃም። ገደቡ ሲሟላ ፍሪካድ ሥዕሉን ወደ አረንጓዴ ቀለም ይቀይረዋል። ያልተቀየረ እንደሆነ አንዱን ነጥብ በመዳፊቱ ይዞ መጎተት ጥሩ ዘዴ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ክፍል ገደብ የጎደለው ክፍል ነው። አረንጓዴ ሳይሆን ወደሚቀጥለው እርምጃ ማለፍ ችግርን ማሳደር ነው።

ንድፉ ሲያልቅ ፓድ በተባለው ትእዛዝ 6 ሚሊሜትር ይወፍር፤ ነገር ግን ውፍረቱ ከመሠረታዊው ገጽ በላይ 3፣ በታች 3 ሆኖ እንዲከፈል ይመረጥ። የመፍቻው ሁለት ገጾች አንድ ዓይነት በመሆናቸው ይህ ምርጫ በኋላ ግማሹን ሥራ ያስቀራል።

አፉን መቁረጥ

አፉ በመጀመሪያው ንድፍ ውስጥ ሊካተት ይችል ነበር፤ እኔ ግን ለብቻው በሁለተኛ ስኬች እንዲሠራ አጥብቄ እመክራለሁ። የሚለዋወጠው አፉ ነውና፣ ሌላውን ሳይነኩ እሱን ብቻ ከፍቶ ማስተካከል መቻል አለበት። ይህም ስኬች በተወፈረው ብረት ፊት ላይ ሳይሆን በዚያው በመሠረታዊው ገጽ ላይ ይቀመጥ። በ2024 ከወጣው ከ1.0 በፊት በነበሩት የፍሪካድ ስሪቶች፣ ፊት ላይ የተጣበቀ ንድፍ ሞዴሉ ሲሻሻል ቦታውን ይስት ነበር፤ ችግሩ አሁን በእጅጉ ቢቃለልም ልማዱ ጠቃሚ ነው።

በመጀመሪያ ከራሱ መሀል ተነስቶ ወደ ግራ የሚሄድና ከአግድሙ መስመር በ15 ዲግሪ የሚያዘነብል ረዳት መስመር ይሠመር። ይህ ዝንባሌ ለውበት የተደረገ አይደለም። ዳዶው ስድስት ጎን ስላለው በየ60 ዲግሪው መልኩን ይደግማል፤ ስለዚህ አፉ ከእጀታው ጋር ቀጥ ያለ መፍቻ ዳዶውን ለቅቆ እንደገና ለመያዝ እጀታውን 60 ዲግሪ የሚያዞርበት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። አፉ 15 ዲግሪ ሲያዘነብል ግን፣ መፍቻው ተገልብጦ ሲገባ ዝንባሌው ወደ ሌላው ወገን 15 ዲግሪ ይሆናል፤ በሁለቱ አያያዞች መካከል የ30 ዲግሪ ልዩነት ስለሚፈጠር፣ በጠባብ ቦታ እያገላበጡ በ30 ዲግሪ ብቻ መፍታት ይቻላል።

በረዳቱ መስመር ግራና ቀኝ እኩል የተከፈለ፣ ስፋቱ 13.1 ሚሊሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይሣላል። የውስጥ ጫፉ ከራሱ መሀል ወደ እጀታው 5 ሚሊሜትር ይገባል፤ የውጭ ጫፉ ደግሞ ክቡን አልፎ እንዲወጣ ከመሀሉ 20 ሚሊሜትር ይርቃል። ሁለቱ የውስጥ ማዕዘኖች ሹል ሆነው መቅረት የለባቸውም። አንድ ሰው የእጀታውን ጫፍ በ100 ኒውተን ቢገፋ፣ የእጀታው ርዝመት ከዳዶው ጎን ጋር ሲነጻጸር እጅግ ረጅም ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ መንጋጋ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ1600 ኒውተን በላይ ሊደርስ ይችላል። ይህ ኃይል መንጋጋውን ወደ ውጭ ሲገነጥለው ጭንቀቱ የሚከማቸው እዚያው ማዕዘን ውስጥ ነው፤ ብረቱ ቢሰነጠቅ ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ማዕዘኖቹ ራዲየሱ 3 ሚሊሜትር በሆነ ቅስት ይሞሉ። የዳዶው ጠፍጣፋ ጎን ከአፉ ወለል 3.75 ሚሊሜትር ርቆ ስለሚጀምር ቅስቱ አይነካውም። በመጨረሻም ፖኬት በተባለው ትእዛዝ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ብረቱን ሙሉ በሙሉ እንዲያልፍ ተደርጎ ይቆረጣል።

ጠርዞች እና ማጣሪያ

የእጀታው ጎድጓዳ ሥራ ቀላል ነው። ከመሠረታዊው ገጽ 3 ሚሊሜትር ከፍ ባለ ገጽ ላይ፣ ርዝመቱ 80፣ ስፋቱ 8 ሚሊሜትር የሆነና ጫፎቹ የከበቡ ቅርጽ ተሥሎ 1 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይቆረጥ፤ ከዚያም ሚረርድ በተባለው ትእዛዝ ወደ ሌላው ወገን ይገልበጥ።

ጠርዝ ማለስለስ የመጨረሻ ሥራ መሆን አለበት። ቀድሞ የለሰለሰ ጠርዝ ላይ ሌላ ቁርጥ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ሶፍትዌሩ ስህተት ያሳያል። እጅ የሚይዛቸው የእጀታው ጠርዞች ጠርዝን በሚያከብበው በፊሌት ትእዛዝ 1 ሚሊሜትር ይለስልሱ። ዳዶውን የሚነኩት የመንጋጋ ጠርዞች ግን ጠርዝን በሰያፍ በሚቆርጠው በቻምፈር ትእዛዝ ከ0.3 ሚሊሜትር በላይ አይነኩ፤ ጠርዙ በተበላ ቁጥር መንጋጋው ዳዶውን የሚይዝበት ፊት ይቀንሳል።

አሁን ሞዴሉ ይፈተን። 13 ሚሊሜትር የሚሰፋ ዳዶ ለብቻው ተሠርቶ አፉ ውስጥ ሲቀመጥ በሁለቱም ወገን ቀጭን ክፍተት መታየት አለበት። ቀጥሎ የሞዴሉ ይዘት ይነበብና በብረት ጥግግት፣ ማለትም በሴንቲሜትር ኪዩብ 7.85 ግራም፣ ይባዛ፤ በነዚህ ልኬቶች ክብደቱ ወደ 90 ግራም ይጠጋል። እጅግ የራቀ ቁጥር ከወጣ የመለኪያ አሃድ ተሳስቷል ወይም አንዱ ቁርጥ አልሠራም።

ሌላው ፈተና በሠንጠረዡ ውስጥ ያለውን 13 ወደ 10 መለወጥ ነው፤ ይህ የኤም 6 ዳዶ ስፋት ነው። ራሱና አፉ ተከትለው ይጠባሉ፤ የማዕዘኑ ቅስት ግን 3 ሚሊሜትር ሆኖ ይቀርና፣ ጠፍጣፋው ጎን ከወለሉ በ2.9 ሚሊሜትር ስለሚጀምር፣ ዳዶው ወደሚያርፍበት ቦታ ይገባል። እጀታውም ከራሱ አንጻር ወፍራም ሆኖ ይታያል። እነዚህ ሁለት ልኬቶች ከዳዶው ስፋት ጋር በቀመር መታሰር እንዳለባቸው የሚታወቀው እንዲህ ሲሞከር ነው፤ ለቅስቱ 0.23፣ ለእጀታው 1.08 እጥፍ ተስማሚ ነው።

ፋይሉ ለማሽን ሠራተኛ የሚላክ ከሆነ ስቴፕ በተባለው የፋይል ዓይነት ይቀመጥ፤ ክቦችንና ቅስቶችን በትክክለኛ ቅርጻቸው ይይዛልና። በስሪዲ ፕሪንተር ለሚታተም ናሙና ኤስቲኤል ይበቃል፤ ይህ ዓይነት ፋይል ግን የመለኪያ አሃዱን ይዞ ስለማይሄድ፣ ቁጥሮቹ በሚሊሜትር መሆናቸው ለተቀባዩ በጽሑፍ ይነገረው።