ሁለት ፓተርን አጣምሮ ከፊት አጠር ከኋላ ረዘም ያለ ሰፊ ቀሚስ እንዴት ይሰፋል?

የአንዱ ፓተርን (ጨርቅ የሚቆረጥበት የወረቀት ልክ) ትከሻና አንገት ልክክ ይላል፤ ታቹ ግን ጠባብ ነው። የሌላው ደግሞ ታቹ ሰፋ ብሎ ያምራል፤ ላዩ አይመችም። እንዲህ ሲሆን ሦስተኛ ፓተርን ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ከአንዱ ላዩን፣ ከሌላው ታቹን ወስዶ አንድ ቀሚስ ማውጣት ይቻላል። እዚህ የምንሠራው ፈታ ያለ፣ ወገቡ ላይ ያልተቆረጠ፣ ከፊት አጠር ከኋላ ረዘም የሚል ቀሚስ ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ታች ያለውን ጠመዝማዛ ጠርዝ ነው። እሱ እንኳን ቀላሉ ነው። ዋናው ሥራ ጎን ላይ ነው። የፊቱና የኋላው ጎን ከብብት እስከ ታች እኩል ከወጣ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

የሚጣመሩትን መምረጥ

ላዩን የሚሰጠን ፓተርን ሰፋ ያለ፣ ቀለል ያለ ቢሆን ይመረጣል። ደረቱ ላይ የሚሰፋ እጥፋት ከሌለው ሥራው ይቀንሳል። ታቹን የሚሰጠን ደግሞ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ጉርድ ወይም ቀሚስ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር የለም። ሁለቱም ለአንድ ዓይነት ጨርቅ የተዘጋጁ መሆን አለባቸው። ለሚለጠጥ ጨርቅ የተሠራ ፓተርን ከሰውነት ልክ ጠበብ ሊል ይችላል፤ ቀሪውን ጨርቁ ራሱ ይለጠጥለታል። ያንኑ ፓተርን በማይለጠጥ ጥጥ ከቆረጣችሁት ክንድ ማንሳት እንኳን ይቸግራል።

ፓተርኑ ላይ የተጻፈውን የመጠን ቁጥርም ብዙ አትመኑ። የአንዱ 42 የሌላው 40 ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ራሱን በሜትር ለኩ። የደረት ዙሪያ 96 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ፈታ እንዲል 14 ብንጨምርበት 110 ይሆናል። ፓተርኑ ግማሽ ፊት፣ ማለትም የዙሪያው ሩብ ስለሆነ ወረቀቱ ብብት ላይ 27.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ መምጣት አለበት። ላዩን በደረት ልክ፣ ታቹን በዳሌ ልክ ምረጡ።

ወረቀት ላይ ማጣመር

ዋናዎቹን ፓተርኖች አትቁረጡ። በስስ ወረቀት ቅጂ አውጡ። ስትገለብጡ የስፌቱን መስመር ብቻ ያዙ፤ ለስፌት የተተወውን ትርፍ ተዉት። አንዱ ፓተርን 1 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው 1.5 ይተዋል፤ ጭራሽ የማይተውም አለ። ትርፉን መጨረሻ ላይ እኛው እንጨምራለን።

1. ትልቅ ወረቀት ላይ ቀጥ ያለ ረጅም መስመር አስምሩ። ይህ የፊቱ መሐል ነው። በኋላ የጨርቁ እጥፋት የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

2. የላዩን ፊት መሐሉን ከመስመሩ ጋር አስተካክላችሁ በስኮች ለጥፉ። የወገቡን ቦታ ምልክት አድርጉ። ፓተርኑ ላይ ወገብ ካልተጻፈ፣ ከአንገት ሥር ትከሻ ላይ ተነስታችሁ በደረት በኩል እስከ ወገባችሁ ለኩና ያንኑ አውርዱ።

3. የታቹን ፊት ወገቡን ወገብ ላይ፣ መሐሉን መሐሉ ላይ አስቀምጡ። መሐሉ ትንሽም ቢያዘነብል ቀሚሱ ወይ ይጠባል ወይ ይሰፋል፤ ስለዚህ በማስመሪያ አረጋግጡ።

4. አሁን ጎኑ ላይ የሁለቱ መስመሮች እንደማይገናኙ ታያላችሁ። ወገብ ላይ ደረጃ ይሠራሉ። ችግር የለውም። ከብብቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብላችሁ ጀምሩና እስከ ዳሌ አንድ ለስላሳ መስመር ሳሉ። ጉርዱ ወገብ ላይ ወደ ውስጥ ቢገባም አትከተሉት። ፈታ ያለ ቀሚስ የምንፈልገው ለዚሁ አይደል?

5. የኋላውንም እንዲሁ አጣምሩ። ጎኑን ግን እንደ አዲስ አትሳሉ። የፊቱን ወረቀት ብብት በብብት አድርጋችሁ ደርቡበትና የጎኑን መስመር ከላይ እስከ ታች ገልብጡ።

እጅጌው ከራሱ ብብት ጋር ይሂድ። የአንዱን ፓተርን እጅጌ በሌላው ብብት ላይ ማስገባት ይቻላል፤ ግን ሁለቱን ጠርዞች ለክቶ ማስተካከል የሚባል ሌላ ጣጣ ያመጣል። ለዚህ ቀሚስ አያስፈልግም።

ጠርዙን መሳል

መጀመሪያ የሚወሰነው ጎኑ የት እንደሚያልቅ ነው። ጉልበት ላይ ይሁን እንበል። እዚያ ላይ በፊቱም በኋላውም ወረቀት ምልክት አድርጉ። ከዚያ የፊቱን መሐል ከዚህ ልክ 8 ሴንቲ ሜትር ከፍ፣ የኋላውን መሐል 14 ዝቅ አድርጉ። ልዩነቱ 22 ሴንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ማስረዘም ይቻላል፤ እኔ ግን ለዘወትር ልብስ ይህ ይበቃል ባይ ነኝ። በጣም ሲረዝም ደረጃ ላይ ይረገጣል።

መሐሉ ላይ የመጀመሪያዎቹን 5 ሴንቲ ሜትር ከእጥፋቱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርታችሁ ሳሉ። ይህ ከተዘለለ ጨርቁ ሲዘረጋ መሐሉ ላይ ሹል ነገር ይወጣል። ከዚያ በኋላ ቀስ እያላችሁ ወደ ጎኑ ምልክት አዙሩት።

ጎኑ ላይ ደግሞ ሁለቱን ወረቀቶች እንደተሰፉ አድርጋችሁ ጎን ለጎን ግጠሙ። ጠርዙ ከፊት ወደ ኋላ ሳይሰበር የሚፈስ ከሆነ ደህና ነው። ጥርስ ወይም ሰርጉድ ካለ እዚያው በእርሳስ አስተካክሉ። የፊቱ ማዕዘንና የኋላው ማዕዘን ሲደመሩ 180 ዲግሪ መምጣት አለባቸው።

አሁን ከመሐሉ እጥፋት በቀር ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ጨምሩ። ታቹ ላይም 1 ብቻ። ቀጥ ያለ ጠርዝ 3 እና 4 ሴንቲ ሜትር ሊታጠፍ ይችላል። ክብ ጠርዝ ግን ያን ያህል ሲታጠፍ የውጩ ዙሪያ ከውስጡ ይረዝምና ይጨማደዳል።

ጨርቁ

ይህ ቀሚስ ከፊት ሲታይ የኋላው ውስጠኛ ገጽ ይታያል። አንድ ፊቱ ብቻ የታተመ ጨርቅ ከሆነ፣ ነጣ ያለው ጀርባው ከእግር አጠገብ ብቅ ይላል። ስለዚህ ሁለቱም ፊቱ የሚመሳሰል ጨርቅ ምረጡ። ሳሳ ያለ ጥጥ፣ ሊነን ወይም ቪስኮስ ጥሩ ይወርዳል። ድርቅ ያለ ጨርቅ ታቹን ያቆመዋል።

የጨርቁ ወርድ 140 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 2.5 ሜትር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀቶቹን ወለል ላይ ደርድራችሁ ለኩ። ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ ጨርቁን እጠቡት፤ የሚሰበሰብ ከሆነ ቀድሞ ይሰብሰብ።

ለጥሩ ጨርቅ የምትሳሱ ከሆነ መጀመሪያ በአሮጌ አንሶላ ሞክሩት። ቀሚሱ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ አንገት ከያዘ፣ የኋላው ክብደት እየጎተተው ነው። የአንገቱን ስፋት ትከሻ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥብቡት።

መስፋት

ትከሻውን ግጠሙ፤ አንገቱን በሰያፍ በተቆረጠ ጥብጣብ ጨርሱ። ጎኑ ሳይዘጋ እጅጌውን ስፉበት። ከዚያ ከእጅጌው ጫፍ ተነስታችሁ በብብት አድርጋችሁ እስከ ታች በአንድ ስፌት ውረዱ። ስፒል ስትሰኩ ግን መጀመሪያ ታቹን ከታቹ፣ ቀጥሎ ብብቱን ከብብቱ፣ መጨረሻ ላይ መሐሉን ያዙ። ያኔ አንዱ ወገን ረዝሞ አይተርፍም። ጫፎቹን በዚግዛግ ወይም በኦቨርሎክ (ጠርዝ የሚዘመዝም ማሽን) ዘምዝሙ።

ኪስ ካስገባችሁ ጥልቀቱን ተጠንቀቁ። የኪሱ ከረጢት ከፊቱ ጠርዝ በታች ከወረደ ስትራመዱ ይታያል።

ታቹን ቶሎ አታጥፉት። ቀሚሱን ቢያንስ አንድ ሌሊት ማንጠልጠያ ላይ ስቀሉት። ጠርዙ ሰያፍ በሆነበት ቦታ ጨርቁ በራሱ ክብደት ይወርዳል። በነጋታው ለብሳችሁ ግራና ቀኙን አስተያዩ፤ የተንጠለጠለ ካለ ከርክሙት።

ከዚያ ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብላችሁ ዙሪያውን ስፉ። በዚያ ስፌት ላይ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ተኩሱ። አንድ ጊዜ ደግማችሁ አጥፉና ከታጠፈው ጫፍ አጠገብ ስፉ። የመጀመሪያው ስፌት ጨርቁን ይዞ እንዳይለጠጥ ያደርገዋል፤ እጥፋቱም በዓይን ግምት ከማጠፍ ይልቅ እኩል ይሆናል። ሲተኮስ ካውያውን እያነሳችሁ ጫን አድርጉት እንጂ አትጎትቱት፤ ክቡ ጠርዝ ይወላገዳል።