በጅማ ዙሪያ በቡድን ወጥቶ በውሃ ቀለም መሳል

ደረቁ ወቅት፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ይመረጣል። ከ6 እስከ 8 ሰው ይበቃል። ለጀማሪዎች ከቦዬ ረግረግ ይልቅ የጅሬን ኮረብታ ይሻላል፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነት ጥርት ያለ ቅርጽ ስላለው ዓይን ማረፊያ ያገኛል። ቦዬ የምትሄዱ ከሆነ ጉማሬ የሚታይበት ስፍራ ነውና ከውሃው ራቁ።

ለእያንዳንዱ ሰው በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት 2 ቅጠል፣ ቁጥር 4 እና 10 ክብ ብሩሽ፣ 1 ሊትር ውሃ፣ አፋቸው የተቆረጠ 2 ሃይላንድ (አንዱ ለማጠቢያ፣ ሌላው ለንጹህ ውሃ)፣ ሶፍት፣ ፕላስተርና መቀመጫ ዱካ ያዙ። ስስ ወረቀት ሲረጥብ ይጎብጣል፣ ቀለሙም ጎድጓዳው ላይ ይጠራቀማል።

ጠዋት 2 ሰዓት ጀምሩ። ጥላ ስለሚዞር አቅጣጫውን አስቀድማችሁ በእርሳስ ያዙ። ከዚያ ሰማዩንና ብርሃን የሚያርፍበትን በስሱ ቀብታችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ግማሽ በደረቀ ቀለም ላይ ውሃ የበዛበት ብሩሽ ካረፈ፣ ውሃው ቀለሙን ገፍቶ ጠርዙ የተሸራረፈ እድፍ ይተዋል። የወረቀቱ ማብረቅረቅ ሲጠፋ እጃችሁን ሰብስቡ።

የጅማ አረንጓዴ ከቱቦው እንዳለ ከተቀባ ይጮኻል፤ ሰማያዊና ቢጫ ቀላቅላችሁ ጥቂት ቀይ ጨምሩበት። ወረቀቱን ጥላ ውስጥ አድርጉ፤ ፀሐይ ላይ ስለሚያንጸባርቅ ቀለም ታበዙና ቤት ሲገባ ሥዕሉ ይጨልማል። ባለቀለም ጃንጥላ ወረቀቱን ስለሚያቀልመው ነጭ ወይም ጥቁር ይሁን።

አንዳንድ ቀለሞች መዳብና ካድሚየም አለባቸው፤ እጣቢውን ረግረጉ ውስጥ አትድፉ፣ በሃይላንድ ይዛችሁት ተመለሱ።